ባርባራ ሊ የአንድ ቀን ድምፅ ብቻ ናቸው? (የክሩ መክፈቻና ምላሾቹ)

መክፈቻ

የባርባራ ሊ ስም በተነሳ ቁጥር የሚወራው ያው አንድ ነገር ነው። መንትዮቹ ሕንፃዎች በተመቱ በሦስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2001፣ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ጦር የማዝመት ሥልጣን ሲሰጥ 420 አባላት ደገፉ፤ አንድ ሰው ተቃወመ። ተቃዋሚዋ እሳቸው ነበሩ። በሴኔቱ 98 አባላት ሲደግፉ አንድም የተቃወመ አልነበረም። ይህ ድፍረት ቢወራለት አይበዛበትም። ነገር ግን ከ1998 እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ በዚያ ምክር ቤት የሠሩ፣ ከዚያ በፊትም በካሊፎርኒያ ግዛት ሁለቱም ምክር ቤቶች ያገለገሉ ሴት የሕይወት ሥራቸው ሁሉ በዚያች አንድ ቀን ተጠቅልሎ ሲቀር ያንገበግበኛል። እኔ የምለው፣ ስማቸውን እንኳ ሳይሰሙ በሥራቸው የተጠቀሙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ይህን ደግሞ ልንመሰክርላቸው ይገባል። የምታውቁትን ጻፉ ብዬ ክሩን ከፈትኩ። ምላሹ ስለበዛ፣ ዘግይቶ ለሚደርስ አንባቢ እንዲመች እያንዳንዱን በራሴ ቃል አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጆቹ ነው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ኦክላንድ ብዙ ዘመን የኖረ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ ከልደታቸው ጀመረ። ባርባራ ሊ በ1946 ቴክሳስ ውስጥ ኤል ፓሶ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ምጥ ይዟቸው ሆስፒታል ሲደርሱ ጥቁር ናቸውና አንቀበልም ተባሉ። መልካቸው ነጭ የሚመስለው አያት ተከራክረው ነው በግድ ያስገቧቸው። ከገቡ በኋላም የሚያያቸው ጠፍቶ ኮሪደር ላይ ተኝተው ቆዩ፤ ሕፃኗ የተወለደችው እናትየው ራሳቸውን ሊስቱ ሲደርሱ፣ በመሣሪያ ተስባ ነው። ይህን ታሪክ ባርባራ ሊ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። አባታቸው የጦር ሠራዊት መኮንን ነበሩ። መላሹ እንደሚለው፣ አገሩን በወታደርነት የሚያገለግል ሰው ሚስት ኮሪደር ላይ ስትጣል ያየ ቤተሰብ ልጁን ዝም በይ ብሎ አያሳድግም። በ1960 ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛውሮ ሳን ፈርናንዶ ሲኖር፣ ልጅቷ የትምህርት ቤቷ የመጀመሪያዋ ጥቁር ቺርሊደር (በጨዋታ ላይ ቡድን የምታበረታታ) የሆነችው የጥቁሮች መብት ማኅበሩን እርዳታ ጠይቃ ነው።

ምላሽ 2

ሁለተኛዋ መላሽ ሁለት ልጆች ለብቻዋ እያሳደገች የምትማር እናት ናት፤ ባርባራ ሊን የምትወዳቸውም በዚሁ ነው። እሳቸውም ኦክላንድ በሚገኘው ሚልስ ኮሌጅ ሲማሩ ከትዳር የተፋቱ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነበሩ። የመንግሥት ድጎማ እየተቀበሉ፣ ልጆቹን የሚጠብቅላቸው ሲያጡ ይዘዋቸው ክፍል እየገቡ ነው የተማሩት። በ1972 አንዱ የትምህርት ዓይነት በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ ላይ መሥራትን ይጠይቅ ነበር። ከቀረቡት ወንድ ዕጩዎች ማንም ስላልጣማቸው ኮርሱን ሊወድቁ ደርሰው ነበር። በዚያው ሰሞን የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር መሪ ሆነው ሸርሊ ቺዝምን ወደ ኮሌጁ ጋበዙ፤ በአሜሪካ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ለፕሬዚዳንትነት እየተወዳደሩ መሆናቸውን ያወቁት ያን ዕለት ነው። ቺዝም መጀመሪያ የጠየቋቸው በመራጭነት ተመዝግበው እንደሆነ ነበር። አልተመዘገቡም። ተመዝግበው መጡ፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ ዘመቻውን አካሄዱ፣ ማያሚ ላይ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ ተወካይ ሆነው ተቀመጡ። ኮርሱንም በኤ አለፉ።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው መላሽ ትንሽ ኮምጠጥ አለ። ብላክ ፓንተር ከሚባለው የጥቁሮች የትግል ድርጅት ጋር የነበራቸው ግንኙነት ለምን ተዘለለ፣ የምናሞግሰውን ሰው ሙሉውን እናቅርብ እንጂ የሚያምረውን ብቻ አንምረጥ ብሏል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አራተኛው መልስ ሰጠ፦ ባርባራ ሊ በድርጅቱ የማኅበረሰብ ሥራዎች በበጎ ፈቃድ ሠርተዋል፤ በ1973 ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ቦቢ ሲል ለኦክላንድ ከንቲባነት ሲወዳደሩም በዘመቻው ነበሩ። ራሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። ከዚያ በ1975 ከበርክሌይ በማኅበራዊ ሥራ ማስተርሳቸውን ይዘው፣ የአካባቢው ተወካይ ሮን ዴለምስ ቢሮ ተለማማጅ ሆነው ገቡ፤ ውለው አድረው የቢሮው ኃላፊ ሆኑ። ዴለምስ በ1998 ሲለቁ ወንበሩን የወረሱት እሳቸው ናቸው።

ምላሽ 5

ያ ቀን መነሳቱ አይቀርም፤ ተነሳ። አምስተኛው መላሽ ያኔ አዲስ አበባ ነበር። ዕለቱ የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እንደነበር አስታወሰን። ከቀኑ አስር ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ገና ቄጤማው ሳይነሳ፣ ቡናው ሳይወርድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ሲሮጥ በዓይኑ አለ። ድምፁ የተሰጠው እንግዲህ መስከረም 4 መሆኑ ነው። ያን ዕለት ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ካቴድራል የሐዘን ጸሎት ነበር። ባርባራ ሊ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልወሰኑም ነበር። አንድ ካህን፣ እርምጃ ስንወስድ የምንኮንነውን ክፋት ራሳችን እንዳንሆነው ብለው ሲጸልዩ ልባቸው ቆረጠ፤ ማታ ምክር ቤቱ ፊት እያለቀሱ ሲናገሩም ያንኑ ቃል ደገሙት። መላሹ አጥብቆ የያዘው ግን እንባውን ሳይሆን የሰነዱን ይዘት ነው። የሥልጣኑ ዋና አንቀጽ በእንግሊዝኛው 60 ቃላት ብቻ ነው። አገር አይጠራም፣ ቀነ ገደብ የለውም። ባርባራ ሊ የተቃወሙትም መጨረሻውና ወሰኑ የማይታወቅ ጦርነት አንፍቀድ ብለው ነው። ይህ ነጥብ ለእኔም ዋናው ነው፤ ብዙ ሰው ድምፁን የስሜት ነገር ያስመስለዋል፣ እሳቸው ግን ወረቀቱን አንብበው ነው የተቃወሙት።

ምላሽ 6

ክሩ የጋለው እዚህ ላይ ነው። ስድስተኛው መላሽ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ተመድቦ አፍጋኒስታን የዘመተ የእኛው ልጅ ነው። ወደ ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ጠዋት ከሞተ በኋላ ቆይ ማለት ለሟች ቤተሰብ ስድብ ነው ብሏል። ባርባራ ሊ ደህንነቱ ከተጠበቀ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ንጹሕ አደረጉ፣ እሱና ጓደኞቹ ግን ሥራውን ሠሩ፤ ከጓደኞቹም አንዱ አልተመለሰም። ቃሉ ሻካራ ነው። ግን ከልቡ ነው የጻፈው፤ ሐዘኑንም ማንም ሊነካበት አይገባም።

ምላሽ 7

ሰባተኛዋ አልታገሰችም። ደህንነቱ የተጠበቀ ወንበር የሚለውን ነቅሳ አወጣች። ከድምፁ በኋላ የግድያ ዛቻ በስልክም በደብዳቤም ይጎርፍ ስለነበር የምክር ቤቱ ፖሊስ ሌት ተቀን ያጅባቸው እንደነበር ጠቅሳ፣ ሳታጣራ አትጻፍ ብላ ገሠጸችው። ሃያ ዓመት በፈጀው ጦርነት ማብቂያ ካቡልን ማን እንደያዘው ይየው ስትልም ጨመረች። እኔ በመሐል ገብቼ ወንድማችን ስለ ሞተ ጓደኛው እየጻፈ ነውና ቃል እንምረጥ ብያለሁ።

ምላሽ 8 እና 9

ስምንተኛው ነገሩን ወደ ታሪክ ወሰደው። የሞንታናዋ ጃኔት ራንኪን በ1941 ፐርል ሃርበር በተመታ ማግስት 388 ለ1 በሆነ ድምፅ ብቻቸውን ተቃውመው ነበር፤ ባርባራ ሊም የእሳቸው ወራሽ ናቸው አለ። ዘጠነኛው በጨዋ ደንብ ልዩነቱን አሳየ። ራንኪን ከዚያ ድምፅ በኋላ ዳግም ለወንበሩ ሳይወዳደሩ ቀሩ። ባርባራ ሊ ግን በ2002 ከመራጮቻቸው ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ አገኙ። የኦክላንድና የበርክሌይ ሕዝብ አብሯቸው ነበር ማለት ነው። ደግሞም ብቻቸውን ሲቆሙ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ በ1999 በዩጎዝላቪያ ላይ ለዘመተው ጦር ድጋፍ የሚሰጠው ውሳኔ ሲቀርብም 424 ለ1 ነበር፣ አንዷ እሳቸው ነበሩ።

ይኸው መላሽ ከዚያ በኋላ የሆነውንም አወጋን። በምክር ቤቱ ሳሉ የ2001ዱን ሥልጣን የሚሽር ማሻሻያ ደጋግመው ያቀርቡ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይወድቅ ነበር። በጁን 2017 በበጀት ኮሚቴው ውስጥ አንድ ቀን አለፈላቸው፤ ሪፐብሊካኖቹም ጭምር ደግፈው ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። ሳምንታት ሳይቆዩ የምክር ቤቱ አመራር ማሻሻያውን ከረቂቁ አወጣው። በጁን 2021 ደግሞ የ2002ቱን የኢራቅ ጦርነት ፈቃድ የሚሽረው ረቂቃቸው በምክር ቤቱ 268 ለ161 አለፈ። የ2001ዱ ባለ 60 ቃላት ሥልጣን ግን እሳቸው ከምክር ቤቱ ሲወጡም እንደጸና ነበር።

ምላሽ 10

ይህ አጭር ነው፤ ግን ከሩቅ አገር ወሬ ወደ ቤታችን ያመጣን እሱ ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። ከ2011 ጀምሮ እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከአርባ ምንጭ እየተነሱ ይበሩ እንደነበር አስታውሶ፣ ወሰን የሌለው ፈቃድ ማለት ይህ ነው ብሏል፤ ለአፍጋኒስታን የተባለው ሶማሊያ ደርሷል፣ ለዚያም የእኛ ከተማ መነሻ ሆናለች። አውሮፕላኖቹ ለቅኝት እንጂ መሣሪያ እንዳልታጠቁ ተነግሮ እንደነበርም አልደበቀም።

ምላሽ 11

የምጠብቀው ምላሽ ይህ ነበር። የጻፉት አሁን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በደቡብ ወሎ በአንድ ሆስፒታል በፀረ ኤችአይቪ ክሊኒክ ሠርተዋል። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሲያስታውሱ፣ መድኃኒቱን በገንዘብ ለመግዛት በሬ ሸጦ፣ ቆርቆሮ ነቅሎ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ሁለት ወር ገዝቶ ሦስተኛው ላይ የሚያቋርጥ፤ ከዚያ የማይመለስ። ነፃ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር አዩ። ሴቶቹ መድኃኒቱን እንደተቀበሉ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥተው በነጠላ ጫፍ ይቋጥሩታል፤ ብልቃጡን ጥለው ይሄዳሉ። ታክሲ ውስጥ እንዳይንኳኳ፣ ጎረቤት እንዳያይባቸው ነው። እሳቸውም የተጣሉትን ብልቃጦች ማታ ማታ ሰብስበው ያስወግዱ ነበር። ለዚያ ሕክምና ብዙ ገንዘብ የመጣው ፔፕፋር በሚባለው የአሜሪካ የፀረ ኤችአይቪ ፕሮግራም ነው፤ ኢትዮጵያም መጀመሪያ ከተመረጡት 15 አገሮች አንዷ ነበረች። ፕሮግራሙን ያቋቋመውን የ2003ቱን ሕግ ካረቀቁትና ከገፉት ሰዎች አንዷ ባርባራ ሊ መሆናቸውን ያወቁት በዚህ ክር ነው፤ ያን ጊዜ ባውቅ በጸሎቴ አስባቸው ነበር ብለዋል። በጃንዋሪ 2025 እርዳታው ሲቆም የቀድሞ ታካሚዎቻቸው እየደወሉ ምን ይሻለናል ይሏቸው እንደነበርም ጽፈዋል።

ምላሽ 12

አሥራ ሁለተኛው እርማት አመጣ፤ እርማቱም ትክክል ነው። ፔፕፋር የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ገንዘቡን በጃንዋሪ 2003 የጠየቁት ፕሬዚዳንት ቡሽ ናቸው፤ ረቂቁን በምክር ቤቱ በስማቸው ያቀረቡት ሪፐብሊካኑ ሄንሪ ሃይድ ናቸው፤ ዴሞክራቱ ቶም ላንቶስም አብረው ነበሩ። በጦርነቱ የቡሽን ሥልጣን ብቻቸውን የተቃወሙት ሴት ከሁለት ዓመት በኋላ ከእኚሁ ሰው ጋር ሕግ አወጡ። እኔ ይህን ሳነብ ነው የመክፈቻዬ ሐሳብ ይበልጥ የጠነከረልኝ። ብቻውን መቆም የሚችል ሰው አብሮ መሥራት አይችልም የሚል ካለ ይኸውና መልሱ። ለመከላከያ ከተመደበው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው እስከ ጋብቻ መታቀብን ለሚሰብክ ሥራ ይዋል የሚለውን ድንጋጌ ግን ሲቃወሙት ነበር፤ በ2008 ሕጉ ሲታደስ ላልቷል።

ምላሽ 13

ይህን ምላሽ አብዛኛው ሰው አልሰማውም ነበር፤ እኔም እዚህ ትንሽ ልቆይ። የመላሹ እህት ዲቪ ደርሷት ነበር። ዕቃዋን ሸጣ፣ ሥራዋን ለቃ፣ መሰናበቻው ቡና ሁሉ ተጠጥቶ ለጤና ምርመራ ሄደች። ያኔ የኤችአይቪ ምርመራ ግዴታ ነበር። ውጤቱ ሲነገራት በአንድ ቀን ሁለት ነገር አጣች፤ በሽታውን አወቀች፣ ጉዞውም ቀረ። ለሰፈሩ ሰው ቪዛው ለምን እንደቀረ ምን ይባላል? መላሹ እንደጻፈው ከጉዞው መቅረት ይልቅ የጎዳት ያ ጥያቄ ነው።

አሜሪካ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቫይረሱ ያለበትን የውጭ ሰው አታስገባም ነበር፤ በ1993 ደግሞ ክልከላው በሕግ ተጻፈ። ባርባራ ሊ በ2007 ይህን የሚሽር ረቂቅ አቀረቡ። ሐሳቡ በ2008ቱ የፔፕፋር ማደሻ ሕግ ውስጥ ገብቶ አለፈ፤ በሴኔቱ በኩል ጆን ኬሪና ጎርደን ስሚዝ ገፍተውታል። ደንቡም ተቀይሮ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ጀምሮ ምርመራው ቀረ። የዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ በ2012 ወደ ዋሽንግተን መመለስ የቻለውም ክልከላው ስለተነሳ ነው። የመላሹ እህት ዛሬ በጤና አለች፣ አዲስ አበባ ትነግዳለች። ለእሷ ጊዜው አልፏል። ከእሷ በኋላ ለመጡት ግን በሩ ተከፍቷል።

ምላሽ 14 እና 15

አሥራ አራተኛዋ በደስታ ጻፈች፤ ባርባራ ሊ በጋምቤላ በአውሮፕላን አደጋ የሞቱት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የሚኪ ሌላንድ ወንበር ወራሽ ስለሆኑ ነው ለእኛ የሚቆረቆሩት አለች። ሊን ከሊ አደባልቃለች። አሥራ አምስተኛው ከሂውስተን ሆኖ አቀናው። የሌላንድን የቴክሳስ 18ኛ ወረዳ ከ1995 ጀምሮ የወከሉት ሺላ ጃክሰን ሊ ናቸው፤ እሳቸውም በጁላይ 2024 እስኪያርፉ ድረስ ወንበሩ ላይ ነበሩ። ከሌላንድ በፊት ደግሞ ወንበሩ የባርባራ ጆርዳን ነበር። ሁለት ባርባራ፣ ሁለት ሊ ነውና ቢምታታ አይገርምም።

ከምላሽ 16 እስከ 18

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ሌላንድ ሄደ። በኦገስት 1989 ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲበሩ አብረዋቸው 15 ሰዎች መሞታቸው፣ ከሟቾቹም ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ተነሳ። አንዱ የጋምቤላ ሰው ፍለጋው የፈጀውን ቀናት ከአባቱ እንደሰማው አወጋ። ከዚያ ወደ አገራችን የቅርብ ጊዜ ጦርነት ተዞረ፤ ስድብ ገባበት። አስተዳዳሪዎቹ ምላሾቹን አነሷቸው፤ ደግ አደረጉ።

ምላሽ 19

አሥራ ዘጠነኛው ቀዝቃዛና ስለታም ነው። በ2018 ለፓርቲያቸው የምክር ቤት ቡድን ሰብሳቢነት ተወዳድረው ሃኪም ጄፍሪስ በሚባሉት ተወካይ 123 ለ113 ተሸነፉ። በማርች 2024 ለሴኔት ተወዳድረው ከአዳም ሺፍ፣ ከስቲቭ ጋርቪና ከኬቲ ፖርተር ቀጥሎ አራተኛ ወጡ። በ77 ዓመታቸው ለሴኔት መሮጥ ለወጣት ቦታ አለመልቀቅ ነው፤ የካሊፎርኒያዋ ሴናተር ዳያን ፋይንስታይን በ90 ዓመታቸው ወንበር ላይ እንዳሉ መሞታቸው አይበቃም ወይ ብሏል። የቁጥሩን እውነትነት አልክድም። ነገር ግን ሥፍራው ተለቅቋል፤ በወንበራቸው ላቲፋ ሳይመን ተመርጠዋል።

ምላሽ 20

ሃያኛዋ ለዚህ መልስ ይዛ መጣች። የኦክላንድ ነዋሪዎች ከንቲባቸውን ሼንግ ታኦን በኖቬምበር 2024 በድምፅ አነሱ። ከተማዋ በጀቷ ጎድሎ፣ ሦስቱም ትልልቅ የስፖርት ቡድኖቿ ጥለዋት ሄደው ነበር። ባርባራ ሊ በኤፕሪል 2025 በተደረገው ልዩ ምርጫ ሎረን ቴይለርን አሸንፈው በ78 ዓመታቸው ከንቲባ ሆኑ፤ በዚያ ከተማ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ከንቲባ ናቸው። አለቃቸው የነበሩት ሮን ዴለምስም ከምክር ቤት ከወጡ በኋላ ከ2007 እስከ 2011 የዚያችው ከተማ ከንቲባ ነበሩ። መላሿ በሰፈሯ የሚሰበሰበው ቆሻሻና የሚሰበረው የመኪና መስታወት እስካልቀነሰ ድረስ የዋሽንግተን ዝናቸው ለእሷ ምንም አይደለም ብላለች። የመራጭ መብቷ ነው፤ እሳቸውም በዚሁ ሊመዘኑ ፈቅደው ነው የገቡት።

ምላሽ 21

የመጨረሻው እስካሁን ከሚኒሶታ የጻፈች ተማሪ ናት። ሸርሊ ቺዝምን ያገኘቻቸው በምላሽ 2 እንደሆነ ገልጻ፣ ባርባራ ሊ በመራጭነት እንዲመዘገቡ ለገፋፏቸው ለቺዝም ውለታቸውን መልሰዋል ወይ ስትል ጠየቀች። መለስኩላት፦ ቺዝም በተወለዱ በ100ኛው ዓመት፣ የምክር ቤቱ የወርቅ ሜዳልያ እንዲሰጣቸው የሚያዘውን ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ያቀረቡት ባርባራ ሊ ናቸው፤ ሕጉ የተፈረመው ዲሴምበር 2024 ላይ፣ እሳቸው ከምክር ቤቱ ሊወጡ ሳምንታት ሲቀሩ ነው። ስለ ቺዝም ራሱን የቻለ ክር እንድትከፍት ጠይቄያታለሁ፤ ከፍታዋለች፣ ወደዚያ እየሄድን ነው።